«የ8 ዓመት ልጄ ክብደቱ ከልክ አልፏል ተባልኩ፤ በሜዲኬድ ነው የሚታከመው፤ ከምን ልጀምር?»

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንዱ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ኮሚኒቲ ክሊኒክ ወስጄው ቁመቱ 52 ኢንች፣ ክብደቱ 90 ፓውንድ ሆነ። ‹ከ95ኛው ፐርሰንታይል በላይ ነው› ብለው አንድ ወረቀት ሰጡኝና ከ6 ወር በኋላ ተመለሺ አሉኝ። እኔ የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ ልጁንና የ3 ዓመት እህቱን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ገቢያችን ትንሽ ነው፣ ፉድ ስታምፕ እንወስዳለን። እናቴ ‹ልጅ ቢወፍር ምን አለበት፣ ሲያድግ ይመጠጣል› ትላለች። አንገቱ ዙሪያም ጠቁሯል፤ ገላውን ሳጥበው ባሸው ባሸው አልለቅ አለ። እንጀራ ላቁምበት? መድኃኒትስ አለው?»

ምላሽ፦

ከአንገቱ እንጀምር። ማሸቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ቆሻሻ አይደለም። ቆዳው ጠቆር፣ ወፈር ብሎ ሲነካ እንደ ከፋይ ጨርቅ ከሆነ ሐኪሞች አካንቶሲስ ኒግሪካንስ የሚሉት ነው፤ የሚመጣውም ከውስጥ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲደክም ቆሽት ያንን ለማካካስ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል። ደም ውስጥ የተትረፈረፈው ኢንሱሊን የቆዳ ሴሎችን ያባዛል፤ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት እጥፋት ላይም ይታያል። ሻካራ ፎጣ፣ ሎሚ፣ የቆዳ ማንጫ ቅባት ቆዳውን ከማቁሰልና ይበልጥ ከማጥቆር በቀር ምንም አይፈይዱም። በጠይም ቆዳ ላይ ሐኪሙ ኮሌታውን ገልጦ ካላየ በቀላሉ ያልፈዋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ እርስዎ ገልጠው ያሳዩት። ስኳር በሽታ ይዞታል ማለት አይደለም፤ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ጀምሯል ማለት ግን ነው። ክብደቱ ሲስተካከል ጥቁረቱም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ክሊኒኩ ያሰላው ቢኤምአይ የሚባለውን ነው። በፓውንድና በኢንች ሲሠራ ክብደቱ በ703 ይባዛል፣ ከዚያ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ይካፈላል። 90 በ703 ሲባዛ 63,270፤ 52 በ52 ደግሞ 2,704፤ ሲካፈል 23.4 ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ግራ ይጋባል፤ 23.4 ለአዋቂ ጤናማ ቁጥር ነውና። የልጅ ቢኤምአይ ግን የሚነጻጸረው በዕድሜና በጾታ ከእኩዮቹ ጋር ነው፤ 95ኛው ፐርሰንታይል ማለትም ከ100 እኩዮች 95ቱ ከሱ በታች የሚሆኑበት መስመር ነው። በአሜሪካ የእድገት ሰንጠረዥ ላይ ለ8 ዓመት ወንድ የ95ኛው ፐርሰንታይል መስመር 20 አካባቢ ላይ ነው። ልጅዎ ያን መስመር በ17 በመቶ ገደማ አልፎታል። 20 በመቶ ሲያልፍ ሁለተኛው ደረጃ፣ 40 በመቶ ሲያልፍ ሦስተኛው ደረጃ ውፍረት ይባላል፤ እሱ አንደኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ ሁለተኛው ተጠግቷል። ክሊኒኩን ሲጠይቁ «ስንተኛ ፐርሰንታይል ነው?» አይበሉ፣ «ከ95ኛው መስመር ስንት በመቶ አልፏል?» ይበሉ። ከ97 ወዲያ ፐርሰንታይሉ ከ98 ወደ 99 ቢል የሚነግርዎት ነገር የለም፤ በመቶኛው ግን ልጁ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት በየወሩ ያሳያል።

እናትዎ «ሲያድግ ይመጠጣል» ያሉት ግማሹ እውነት ነው፤ የሕክምናውም መሠረት እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ2 ኢንች በላይ ይረዝማል። ክብደቱ 90 ላይ ቆሞ ቢቆይ በ9 ዓመቱ 54 ኢንች ከሩብ ላይ ቢኤምአዩ 21.5 ይሆናል፤ የ9 ዓመቱ መስመር ደግሞ 21 አካባቢ ነው። በ10 ዓመቱ 56 ኢንች ተኩል ቢደርስ 19.8 ይሆናል፤ የዚያ ዕድሜ መስመር 22 ነውና ከውፍረት ክልል ወጣ ማለት ነው። አንድ ፓውንድ እንኳ ሳይቀንስ! ክብደቱ ፈጽሞ ባይቆም፣ በዓመት 4 ፓውንድ ብቻ ቢጨምር እንኳ በ9 ዓመቱ ከመስመሩ ያለፈው 17 በመቶ ወደ 6 ወይም 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እናትዎ የተዉት ሌላው ግማሽ ይኸው ነው፤ ቁመቱ ሲሄድ ሚዛኑ መቆም አለበት። አሁን ባለበት አያያዝ ሚዛኑም አብሮ ስለሚሄድ ቢያድግም አይመጠጥም። ስለዚህ ማስራብ የለም፣ የአዋቂ ዳይት የለም፣ ኬቶ የለም። ሐኪሙ ይቀንስ ካለም በዚህ ዕድሜ በወር ከ1 ፓውንድ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሚዛኑን ለማቆም መጀመሪያ የሚነካው የሚጠጣው ነው፤ ከሁሉም ቀላሉና ወጪ የሚቀንሰው እሱ ነውና። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው፤ 6 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አንድ ቆርቆሮ 12 ኦውንስ ኮካ 39 ግራም አለው። 3 ማንኪያ ስኳር የገባበት የአያት ሻይ 12 ግራም ነው፤ ጠዋትና ማታ ሲሆን 24፣ ያለ ሶዳ የቀኑን ድርሻ ጨረሰ። ሻዩን አይከልክሉት፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱለት፣ ከወር በኋላ 1 ማንኪያ ላይ ሲደርስ ልዩነቱን አያውቀውም። ጁስ መቶ በመቶ ፍሬ ቢሆንም እንኳ ለሱ ዕድሜ በቀን ከ8 ኦውንስ፣ ለ3 ዓመቷ ከ4 ኦውንስ እንዳይበልጥ ነው የሕፃናት ሐኪሞች ምክር። ብርቱካኑን ልጦ መብላቱ ይሻላል፤ ያጠግባል፣ ይረክሳልም። ወተት በቀን 2 ኩባያ ይበቃዋል። ሶዳና ጣፋጭ ጁስ ለበዓል ብቻ ይገዛ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ «አትጠጣ» ማለት ልጁን ከአያቱ ጋር ማጣላት ነው።

ቀጥሎ ዘይት። «ወጥ ውስጥ ስንት ዘይት ትጨምሪያለሽ?» ሲባል ሁሉም ሰው «ትንሽ» ይላል፤ ስለዚህ ጥያቄው «አንድ ጋሎን ስንት ቀን ይቆያል?» ነው። አንድ ጋሎን 256 የሾርባ ማንኪያ ነው፣ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ አለው፤ ጋሎኑ በጠቅላላ 30,700 ካሎሪ ገደማ ነው። 5 ሰው ባለበት ቤት በ2 ሳምንት ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 440 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሳል። ያው ጋሎን 5 ሳምንት ቢቆይ 175 ይሆናል። ልዩነቱ ለአንድ የ8 ዓመት ልጅ አንድ ሙሉ ቁርስ ያህላል፤ ለዚህ ደግሞ ሳህኑ ላይ የሚቀነስ ምግብ የለም። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት ነው። ድስቱ ሲግል ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ያስገቡ፣ እሳቱን መጠነኛ ያድርጉ፣ ሲይዝ በማንኪያ ውኃ ጠብ እያደረጉ ያላሉት፣ በደንብ ሲበስል በርበሬውን ከዚያ ዘይቱን። ለመላው ድስት 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከጠርሙስ ሳይንቆረቆር በማንኪያ ተለክቶ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሽንኩርቱ ሳይበስል ሲቸኩሉ ነው፤ ጥሬ ሽንኩርት ወጡን መራራ ያደርገዋል፣ ያን ጊዜ ሰው ጣዕሙን ለማስተካከል ዘይት ይጨምራል። ቂቤ ካለ ሲወጣ ለመዓዛ 1 ማንኪያ ጣል ማድረግ ይበቃል።

እንጀራ አያቁሙበት። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር ክክ ለትንሽ ገቢ ከዚህ የተሻለ ማዕድ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምስርና ሽሮው ፕሮቲንና ፋይበር ስላላቸው ልጁን አጥግበው ያቆዩታል። ችግሩ ሲጠቀለልና ሲጎረስ መጠኑ አለመታየቱ ነው። ከሱቅ ከሚገዛው እንጀራ ግማሹ ይቀርብለት፣ ከፊቱ ያለው ወጥ ቢያንስ ግማሹ ጎመን ወይም ሰላጣ ወይም ሌላ አትክልት ይሁን። ጨርሶ «ጨምሩልኝ» ካለ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ጥጋብ ወደ አእምሮ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም ከራበው አትክልቱንና ምስሩን ይጨምሩለት። ለብቻው ሳህን ተሰጥቶት እህቱና አያቱ ከትሪ ሲበሉ እንዲያይ አያድርጉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያንኑ ይብላ። ለብቻው የተለየ ልጅ ሰው ሲተኛ ፍሪጅ ይከፍታል።

አሁን ሳይታይ የሚያልፈውን አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ልጅዎ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ ለ3 ቀን ይጻፉ። የማታ ሺፍት ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህን ይመስላል። በ7 ሰዓት ጠዋት አያት ቁርስ ያበላሉ፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሌላ ቁርስ አለ፤ ምሳ አለ፤ ከትምህርት በኋላ በሚቆይበት አፍተር ኬር መክሰስ፣ አንዳንዴም እራት አለ፤ ቤት ሲገባ «ልጄ ራበው» ተብሎ ጨጨብሳ ወይም ዳቦ ይቀርባል፤ ማታ እራት፤ እርስዎ ከሥራ ሲገቡ ደግሞ አብሮ ለመቀመጥ ሲል እንደገና። ሰባት ጊዜ። እያንዳንዱ ሰው ያበላው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፣ ማንም አላጠፋም። መፍትሔው ቁርስን አንድ ቦታ መወሰን ነው፦ የትምህርት ቤቱ ቁርስ ነጻ ከሆነ እዚያ ይብላ፣ ቤት ውኃ ጠጥቶ ይውጣ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፍራፍሬ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ወይም ቆሎ በቡና ሲኒ ተለክቶ። እራት በ6 ሰዓት ተኩል ተበልቶ ወጥ ቤቱ ይዘጋ። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። እርስዎ ማታ ሲገቡ አብሮዎት መሆን ከፈለገ ውኃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ይዞ ያጫውትዎት።

ይህ ሁሉ በእናትዎ እጅ ያለ ነገር ነው፤ እሳቸው ያላመኑበት ዕቅድ አንድ ሳምንት አይቆይም። ረሃብን ያየ ትውልድ ለወፍራም ልጅ ያለውን ስሜት በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። የሚሠራው እሳቸውን ክሊኒክ ይዞ መሄድና በአስተርጓሚ ከሐኪሙ አፍ እንዲሰሙ ማድረግ፣ ከዚያ ሥልጣን መስጠት ነው፦ የዘይት ማንኪያው ኃላፊ እሳቸው ይሁኑ። ጉርሻውንም አያስቀሩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጉርሻ፣ በእራት መጀመሪያ ላይ፣ ከተመደበለት ውስጥ ተቆጥሮ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ይጠይቋቸው፦ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ለልጁ ተሰጥቶት ያውቃል? ሳይፕሮሄፕታዲን ያለበት ሽሮፕ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፤ በመጀመሪያ የተሰጠው «አልበላም» ባለ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ካለ ጠርሙሱን ለሐኪሙ ያሳዩ። ለአስም ተደጋግሞ የሚሰጥ የሚዋጥ ስቴሮይድ፣ ለባሕርይ ችግር የሚሰጠው ሪስፐሪዶንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤትም ክብደት ይጨምራሉ። እነዚህን ሐኪሙ ሳያውቅ በራስ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

«ሆርሞን ወይም እንቅርት ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳል። ልጁ ለዕድሜው በደንብ እየረዘመ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይደለም። የሆርሞን ችግር ያለበት ልጅ ሲወፍር ቁመቱ ይቆማል። 52 ኢንች ለ8 ዓመት ወንድ ከአማካዩ ከፍ ያለ ነው።

አሁን ስለ ክሊኒኩ። 6 ወር መጠበቅ ልክ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 ባወጣው መመሪያ «እንጠብቅና እንይ» የሚለውን ትቷል፤ ውፍረቱ በታወቀበት ጊዜ ሕክምና ይጀመር ይላል። ውጤት አለው የተባለው ሕክምናም ወረቀት መስጠት አይደለም፤ ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ በጠቅላላ 26 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት የሚደረግ፣ ቤተሰቡን ያካተተ የምግብ፣ የእንቅስቃሴና የባሕርይ ምክር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል ባለሙያዎች ግብረ ኃይልም (USPSTF) በ2024 ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ያንኑ 26 ሰዓት መክሯል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች አለ፤ ወረፋው ግን ይረዝማል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጠይቁ፦ ሪፈራሉ ይጻፍ፣ ወረፋው እስኪደርስ ደግሞ በራሱ ክሊኒክ በየ4 ሳምንቱ ቀጠሮ ይያዝ፤ አንዴ ከሐኪሙ፣ አንዴ ከምግብ ባለሙያዋ ወይም ከነርሷ ጋር። የካውንቲው የዋና ትምህርትና የማብሰል ክፍለ ጊዜም ተደምሮ ሰዓቱን ይሞላል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፤ በመጀመሪያው ወር መጠጡ፣ በሁለተኛው ዘይቱ፣ በሦስተኛው የመኝታ ሰዓት። ስድስት ነገር በአንድ ሳምንት የጀመረ ቤተሰብ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል።

«ኢንሹራንሱ አይከፍልም» ከተባሉ ማወቅ ያለብዎ ነገር አለ። ከ21 ዓመት በታች ላለ የሜዲኬድ ተጠቃሚ ሕጉ ሰፊ ነው፤ ሐኪም «ለጤናው አስፈላጊ ነው» ብሎ የጻፈውንና ሜዲኬድ በሕጉ ሊሸፍነው የሚችለውን ሕክምና፣ ለአዋቂ ባይከፈልም እንኳ፣ ለልጅ መክፈል አለባቸው። በሜሪላንድ ይህ ፕሮግራም ሄልዚ ኪድስ ይባላል። ሐኪሙ ሪፈራሉ ላይ «የምግብ ምክር» ብቻ ብሎ ሳይሆን የውፍረቱን ምርመራ ውጤትና ደረጃውን፣ የአንገቱንም ምልክት አብሮ እንዲጽፍ ይጠይቁ። ከከለከሉ በቃል አይቀበሉ፣ በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ አለ። ሽፋኑ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ብዙ ልጅ ሜዲኬድ የሚያጣው ገቢ ስለጨመረ ሳይሆን ፖስታው ወደ ድሮ አድራሻ ስለሄደ ነው። ቢቋረጥም እንዲህ ያሉ የኮሚኒቲ ጤና ማዕከሎች ገቢው ከድህነት መስመሩ 200 በመቶ በታች ለሆነ ቤተሰብ በገቢ መጠን ቅናሽ ስላላቸው ቀጠሮውን አይሰርዙ።

አስተርጓሚ ነጻ ነው፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ክሊኒክ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ይሆናል። እንግሊዝኛ ቢችሉም ለእናትዎ ሲሉ ይጠይቁ። ልጁ ራሱ አስተርጓሚ እንዳይሆን፤ ስለ ራሱ ውፍረት ራሱ እንዲተረጉም ማድረግ ያቆስላል።

ምርመራን በተመለከተ፦ የደም ግፊት በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይለካ፣ የክንድ መጠቅለያው ለክንዱ የሚበቃ ይሁን። ጠባብ መጠቅለያ ግፊቱን ከእውነቱ በላይ አድርጎ ያሳያል። የደም ስብ ምርመራ በዚህ ዕድሜም ሊታዘዝ ይችላል፤ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የስብ ዓይነት 100 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። የስኳርና የጉበት ምርመራ በመመሪያው የሚጀመረው ከ10 ዓመት ነው፤ ነገር ግን አንገቱ ጠቁሮ፣ ወላጅ ወይም አያት ስኳር ካለባቸው ሐኪሙ ቀደም ብሎ ሊያዝ ይችላል። ይህን የቤተሰብ ታሪክ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ያለፉትን 3 ወራት ገደማ የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤ1ሲ የሚባለው ምርመራ ከ5.7 በታች ሲሆን ጤናማ ነው፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና በላይ ስኳር ነው። የጉበት ቁጥር ኤኤልቲ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የላቦራቶሪው ወረቀት 40ን «ኖርማል» ሊል ይችላል፣ ለወንድ ልጅ ግን ጤናማው ጣሪያ 26፣ ለሴት 22 ነው።

የገንዘቡ ነገር። ክሊኒኩ መግቢያ ላይ «ባለፈው ዓመት ምግብ ያልቃል ብላችሁ ሰግታችሁ ታውቃላችሁ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከእኛ ሰው ብዙው በኀፍረት «የለም» ይላል። እውነቱን ይበሉ፤ ሶሻል ወርከሯ የምትመጣው በዚያ መልስ ነው። ውፍረትና የምግብ እጥረት አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ወሩ ሲጀምር ሞልቶ ሲያልቅ ሩዝና ፓስታ ብቻ ሲቀር ልጅ ባገኘ ጊዜ አብዝቶ መብላት ይለምዳል። ፉድ ስታምፕ ያለው ቤት ልጆች የትምህርት ቤት ምግብ ያለ ክፍያ ያገኛሉ። ካርዱን በታኮማ ፓርክ ክሮስሮድስ ገበያና ሜሪላንድ ማርኬት መኒ የሚባለው ፕሮግራም ባለባቸው የገበሬ ገበያዎች ከተጠቀሙበት እስከተወሰነ መጠን በሌላ ተመሳሳይ ገንዘብ ይታከልበታል፤ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም እዚያ ይግዙ። ለ3 ዓመቷ ልጅ ዊክ የሚባለው ለእናቶችና ለትናንሽ ልጆች የሆነ የምግብ እርዳታ እስከ 5 ዓመቷ ድረስ ይሰጣል፤ የስደት ሁኔታ አይጠየቅም። በ2024 በወጣው የዊክ ደንብ ጤፍ ከሙሉ እህሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ ግዛቱ ከፈቀደ። ዘመድ በዲቪ ቢመጣ አዋቂው ለፉድ ስታምፕ 5 ዓመት ይጠብቃል፣ ግሪን ካርድ ያለው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ግን አይጠብቅም። በወሬ ፈርተው የልጆችን ጥቅም አይሰርዙ፤ ጥርጣሬ ካለ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ።

እንቅስቃሴ በቀን 60 ደቂቃ ነው፣ ተከፋፍሎም ይቆጠራል። ከትምህርት ቤት 15 ደቂቃ በእግር መሄድና መመለስ ግማሹን ሞላ። ታች ያለ ጎረቤት የሚቆጣበት አፓርትመንት ከሆነ ራይድ ኦን አውቶቡስ ለልጆች ነጻ ስለሆነ የካውንቲው ሪክሪዬሽን ሴንተር ይውሰዱት፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቅናሽ ይጠይቁ። ውፍረት ላለበት ልጅ ከሩጫ ይልቅ ዋና ይቀናል፤ ጉልበቱን አያሳምመውም፣ የመጨረሻ ሆኖም አይስቁበትም። እንቅልፍ በዚህ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ከአያቱ ጋር አንድ ክፍል የሚተኛ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ከዚያ ክፍል ይውጣ፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግስቱ ጣፋጭ ይፈልጋል።

ስለ ጾም በአጭሩ፦ ጾም ክብደት መቀነሻ አይደለም። ቁርስ ዘሎ ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንችና ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ የሚበላ ልጅ በጾም ወራት ይጨምራል። መጾም ከፈለገ ከሥጋና ከወተት ይከልከል፣ ከቁርስ ግን አይደለም።

ለተለመደው ውፍረት ለ8 ዓመት ልጅ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው ሴማግሉታይድ የተፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው፣ እሱም ከምክሩ ጋር አብሮ፤ የሜዲኬድ ሽፋኑም ከግዛት ግዛት ይለያያል። የማቅጠኛ ሻይ፣ አፕል ቪኔገር፣ በኦንላይን የሚሸጥ መርፌ ለልጅ አይስጡ። ሚዛንም ቤት አይግዙ፤ በወር አንድ ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሰው ሳያይ ይመዘን። «ቦርጫሙ»፣ «ድብልብሌ» የሚለው የፍቅር ስም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ እንግዳ ፊትም ስለ ክብደቱ አይወራ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ብዙ ውኃ እየጠጣ ብዙ ከሸና፣ ወይም ተሻሽሎ የነበረ ልጅ እንደገና ማታ አልጋ ማርጠብ ከጀመረ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ። ካነከሰ፣ ጭኑን ወይም ጉልበቱን አመመኝ ካለ፣ የዳሌው አጥንት ሊንሸራተት ስለሚችል ሳይራመድ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ሕመሙ ጉልበት ላይ ቢሰማም ችግሩ ዳሌ ላይ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣም እንዲሁ። ሲተኛ በኃይል ካንኮራፋና ትንፋሹ ቁርጥ እያለ ከሆነ በስልክዎ 1 ደቂቃ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ የእንቅልፍ ምርመራ የሚታዘዘው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲኖር ቶሎ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሲደውሉ ይህን ይበሉ፦ «የልጄ ቢኤምአይ 23.4 ነው፣ አንገቱ ጠቁሯል፣ 6 ወር መጠበቅ አልፈልግም። በ4 ሳምንት ውስጥ ለክብደት ክትትል ብቻ የሚሆን ቀጠሮ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ፣ የምግብ ባለሙያ ሪፈራልና ከሶሻል ወርከር ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ።» ቀጠሮው እናትዎ አብረው ሊሄዱ በሚችሉበት፣ እርስዎ ሺፍት በማይገቡበት በጠዋቱ ሰዓት ይሁን። የ3 ቀኑን የምግብ ማስታወሻና የዘይቱ ጋሎን የተከፈተበትን ቀን ይዘው ይሂዱ።